ብረት የሌላት አራስ

በስምንት ዓመቴ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ላም ስትወልድ አይቻለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ጌጤ ወንድ ልጇን ወልዳ ስትተኛ ደግሞ ውኃ አቀባይ፣ ዝንብ አባራሪና ወሬ አመላላሽ ሆኜ ሰንብቻለሁ። አራስ ምን እንደምትበላ፣ ማን እንደሚጠይቃት፣ ምን እንደምትባል እኔን የሚያህል አዋቂ በመንደሩ ያለ አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ በዚያ ክረምት እናቴ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ገብታ ሰንብታ ስትመለስ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ነገሩን በራሴ ደረስኩበት። እናቴ ወልዳለች።

ይህን ሳወራ እናቴ ዛሬም ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔ አሁን ደብረ ታቦር ከተማ ልብስ እሰፋለሁ። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ትቀመጥና ደንበኞቼ ፊት ታስጀምረኛለች። «እስቲ የወለድኩትን ልጅ ንገሪያቸው» ትላለች። ስጀምር ደግሞ አላስወራ ትለኛለች፤ እየገባች ታርመኛለች። እዚህ የምጽፈው እሷ ያረመችውን ጨምሬ ነው።

ቤታችን ጉና ተራራ ሥር ነው፤ ገብስና ድንች እንጂ ጤፍ የማይበቅልበት፣ የሐምሌ ብርድ ጋቢ አልፎ የሚገባበት አገር። እናቴ ላቀች ትባላለች። ከመታመሟ በፊት ድምፅዋ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ስትጣላም ስትታረቅም ጮክ ብላ ነው። ከፋሲካ በኋላ ግን ዝም አለች። መጀመሪያ እንጉርጉሮዋን ተወች፣ ቀጥሎ ምግብ፣ ቀጥሎ እኔን መቆጣት። ቀሚሴን እሾህ ቀዶት ስገባ አየችኝና ምንም ሳትለኝ ፊቷን አዞረች። ያን ቀን ፈራሁ። እናቴ የተቀደደ ቀሚስ አይታ የማትቆጣ ሰው አልነበረችም።

አባቴ ዘውዱ ለሚጠይቀው ሁሉ «ብርድ መቷት ነው» ይል ነበር። እኔ ግን አልተሸወድኩም። እትዬ ጌጤም ከመውለዷ በፊት ምግብ አስጠልቷት፣ ደርሶ ሆድ ሲብሳት አይቻለሁ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ጋቢ ተከናንባ ስለምትውል ሆዷን ማየት አልቻልኩም እንጂ ነገሩ ግልጽ ነበር።

አሁን የማውቀውን እዚህ ላይ ልናገርና ልገላገል። እናቴ አልወለደችም፤ አላረገዘችምም። ድባቴ ይዟት ነበር። በሰኔ አንድ ቀን፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ እሸቴ ትምህርት ቤት ሳለን፣ ራሷን ልታጠፋ ስትል ጌጤ እሳት ልትጭር ገብታ ደረሰችላት። ሆስፒታል የገባችውም ለዚህ ነው። የተረፈችው የጌጤ ምድጃ እሳት ስለጠፋበት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ግን ነገሩን ለአጋጣሚ መተው የፈለገ ሰው አልነበረም።

ይህ ለእኛ ለልጆቹ አልተነገረንም። ለመንደሩም አልተነገረም። የሚያውቁት አባቴ፣ ጌጤና ከወንዙ ማዶ የምትኖረው የእናቴ የአክስት ልጅ ውዴ ብቻ ነበሩ።

ከሆስፒታል የተመለሰች ቀን ጌጤ ላይ ተደግፋ ዳገቱን ወጣችና መደቡ ላይ ተጋደመች። ጌጤ ወዲያው ገንፎ አገነፋች፤ መሐሉን ጎድጉዳ ቅቤ ሞላችበት። ገንፎ! ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል? ነገሩን የማያውቁት የመንደር ሴቶች ግን እየገቡ «እግዜር ይማርሽ» ሲሏት ሰማሁና አፈርኩላቸው። ለአራስ እንዲህ አይባልም። ስለዚህ ወደ መደቡ ተጠጋሁና የሚባለውን ጮክ ብዬ አልኩላት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

ጌጤ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። አባቴ ሊቆጣኝ አፉን ከፈተ። እናቴ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አሜን» አለች። «አሜን ልጄ፣ ምራኛለች።»

እንባዋ ወረደ። እኔ ትክክለኛውን ቃል በመናገሬ ኮርቼ ዙሪያዬን ተመለከትኩ። እናቴ እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ታቋርጠኛለች። «ያን ቀን ከገባው ሰው ሁሉ ለእኔ የሚሆነውን ቃል ያገኘችው እሷ ናት» ትላለች ለደንበኞቼ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሲስተር ሕይወት መጣች። ከጤና ጣቢያው ናት፤ ቦቲ ጫማ የተጫማች፣ ጃንጥላዋ በነፋስ የተገለበጠ ወጣት ሴት። ጌጤ ስትወልድም ነርስ መጥታ ስለነበር ነርስ ስትመጣ አልደነቀኝም። የደነቀኝ ልጁን አሳዩኝ አለማለቷ ነው። እኔና እሸቴን ከቤት አስወጡን። እሸቴ ለቡሄ የሚያጮኸውን ጅራፍ ሊገምድ ሄደ፤ እኔ ግን ጭቃው የረገፈበትን ግድግዳ አውቀዋለሁና ጆሮዬን ለጠፍኩበት።

«ሐሳቡ አሁንም ይመጣብሻል?» አለች ሕይወት።

«ይመጣል» አለች እናቴ።

«ዛሬስ?»

«ጠዋት መጥቶ ነበር። ከጌጤ ጋር እያወራን ሄደ።»

ስለምን እንደሚያወሩ ባይገባኝም ብዙ አልተጨነቅኩም። ከወለደች በኋላ ጌጤንም ሆዷን እየመጣ እየሄደ ይቆርጣት ነበር፤ እሱ ነው ብዬ አለፍኩት።

«ሲስተር» አለ አባቴ፣ «አባ ገብረየሱስን ልጥራና ይገዝቷት። ንስሐ አባቷ ናቸው። በቃላቸው ካሰሯት ከቤተ ክርስቲያን እለያለሁ ብላ ትፈራለች፤ አታደርገውም።»

«አይሆንም፣ ጋሽ ዘውዱ» አለች ሕይወት። «ከተገዘተች ሐሳቡ ሲመጣባት ትፈራለች። ከፈራች ደግሞ ትደብቀናለች። አላደርግም ብላ እንድትምል አልፈልግም። ሲመጣባት እንድትነግረን ነው የምፈልገው።»

እናቴን ለምን እንደሚገዝቷት ግራ ገባኝ። ኋላ ግን የሕፃኑን ነገር ለሰው እንዳትናገር ይሆናል ብዬ አሰብኩና ተረጋጋሁ። በዚያ ዕድሜዬ መልስ አጥቼ አላውቅም።

«ቤቱ ያንቺ ነው» አለቻት ሕይወት። «ከአጠገብሽ ባይኖር የሚሻልሽ ምንድን ነው? እኛ ሳንሆን አንቺ ንገሪን።»

እናቴ በዝግታ መናገር ጀመረች። ስትጨርስ ሁሉም ተነሡና ቤቱን ባዶ ያደርጉት ጀመር። ማጭዱ ወጣ። መጥረቢያው ወጣ። ካራው፣ የጭነት ገመዱ፣ አባቴ ድንቹ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ከነመርጫው ወጣ። ሁሉም ወደ ጌጤ ቤት ሄደ። የሆስፒታሉ ኪኒን እንኳ ጌጤ ጋ ሆነ፤ የየቀኑን ጠዋት ጠዋት ይዛ መጥታ እናቴ በጠበል ስትውጠው ታያለች። በመጨረሻ የእሸቴን ጅራፍ ነጠቁት። እሸቴ እንደ ጥጃ አገሳ።

«ለቡሄ ምን ላጮህ ነው?»

«እኔ ቤት እየመጣህ ውሰድ፤ ስትጨርስ ትመልሳለህ» አለችው ጌጤ።

ሕይወት ከመሄዷ በፊት እናቴን እንደ ተማሪ ጠየቀቻት። «ሐሳቡ ሲመጣ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ለጌጤ እነግራለሁ። ተነሥተን እንወጣለን።»

«ጌጤ ባትኖርስ?»

«ለውዴ።»

«ውዴም ባትኖርስ? ዘውዱም ባይኖር?»

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ ነው የመለሰው። «መንደሩን ትጥራ እንዴ? ጉዳችንን አገር ይስማው?»

«ይስማው» አለች ሕይወት። «ሞታ ከምትለቀስ ቆማ ብትታማ ይሻላል። ላቀች፣ ያገኘሽውን ሰው ትጠሪያለሽ። እሺ?»

«እሺ» አለች እናቴ። ግን ከአንገት በላይ ነበር። አሁን እንደምትነግረኝ፣ ያን ቀን በልቧ «ከመጣራትስ ሞቴን እመርጣለሁ» ብላ ነበር። እንዲህ ያለች ኩሩ ሴት ናት።

ከዚያ በኋላ ተራ ተያዘ። በእኛ አገር የአረምና የአጨዳ ሥራ በወንፈል ነው፤ ዛሬ አንቺ ማሳ እንውላለን፣ ነገ እኔ ማሳ። ጌጤም እናቴን መጠበቁን እንደዚያው አደረገችው። ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት ውዴ፣ ማታ አባቴ። እናቴን ግን ይህ አንገበገባት። አንድ ቀን እንዝርቷን ወረወረችው።

«እንደ ጥጃ ትጠብቁኛላችሁ?»

ጌጤ ጥጧን መባዘቷን አላቋረጠችም። «እኔ ወልጄ ስተኛ አንቺ አልጠበቅሽኝም? ለሽንት እንኳ ብቻዬን አስወጣሽኝ?»

«አንቺ አራስ ነበርሽ።»

«እንግዲያ ወንፈሌን እየመለስኩ ነው፤ ዝም በይ።»

ይህን በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚህ በኋላ ማን ሊያሳምነኝ ይችላል? አንዳንዴ እናቴ ፊቷ ይጠቁርና «ጌጤ፣ ተነሺ እንውጣ» ትላለች። ዝናብ ቢሆንም ይወጣሉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው የድንቹን ማሳ ይዞሩታል፤ ጭቃ በጭቃ ሆነው ይመለሳሉ። ይህም ለሆድ ቁርጠት የሚደረግ ነገር መሰለኝ። እናቴ ግን በእያንዳንዷ ዙር ሕይወቷን ስታተርፍ ነበር።

የቀረኝ ልጁን ማግኘት ነው። ዓይነ ክፉ እንዳያየው ክርስትና እስኪነሣ ደብቀውታል ብዬ ወሰንኩ። ጓዳውን በረበርኩ፤ ከመደቡ ሥር ተሳብኩ። አንድ ቀን ጎታው ውስጥ አንገቴን አስገብቼ «ማሙሽ» ብዬ ተጣራሁ። ገብስ ብቻ ነበር።

ልጁን ስፈልግ ግን የባሰ ነገር አስተዋልኩ። እናቴ ብረት የላትም! ጌጤ አራስ ሳለች ከራስጌዋ ማጭድ አይጠፋም ነበር፤ ደጅ ስትወጣ እንኳ ካራ ይዛ ነው። «አራስ ያለ ብረት ከተኛች ክፉ መንፈስ ይደፍራታል» ብላ የነገረችኝ ራሷ ጌጤ ናት። እናቴ ግን ብረት የተባለ ሁሉ ከቤት ወጥቶባት ባዶ እጇን ትተኛለች። ፊቷ የሚጠቁረው፣ ሌሊት የምትባንነው ለካ ለዚህ ነው!

ጌጤን ጠየቅኳት። «እትዬ ጌጤ፣ እማ ለምን ብረት የላትም?»

ጌጤ ደነገጠች። እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። «አንቺ ልጅ! ብረት የሚባል ነገር እዚያ ቤት እንዳታስገቢ! ሰማሽ? ሰማሽ፣ ማስተዋል?»

ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ቂም ያዝኩባት። ለራሷ ሲሆን ማጭድና ካራ፣ ለእናቴ ሲሆን የለም! ሲስተር ሕይወት ኋላ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ለአዋቂዎቹ ብቻ ነግረን ልጆቹን ደጅ አስቀረናቸው» አለች። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ በሽተኛ ወዳለበት ቤት ስትሄድ፣ ልጆቹን አስቀምጣ በሚገባቸው ቃል ሳታስረዳ አትወጣም።

የቡሄ ዋዜማ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ጉና ጥግ ጥጉን ጅራፍ ይጮኻል። በማለዳ፣ አባቴ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ጌጤ ብረቱን ሁሉ የምትቆልፍበትን ሳጥን ከፍታ ለእሸቴ ጅራፉን አወጣችለት። በዚያው ቅጽበት ሕፃኗ አለቀሰና ዞር አለች። ከእሸቴ ጋር የሄድኩት እኔ ካራውን አነሣሁ፣ በነጠላዬ ጠቀለልኩና ወጣሁ። እናቴ ደጅ ፊቷን ስትታጠብ ከትራሷ ሥር አስገባሁት። እንዲህ የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከአዋቂ ሁሉ በልጬ እናቴን ከክፉ መንፈስ ያዳንኳት እኔ ነኝ።

አባቴ የሚቀጥለውን መድኃኒት ሊያመጣ ደብረ ታቦር ወርዷል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። በረዶው ቆርቆሮውን ሲመታው ቤት ውስጥ መደማመጥ አልተቻለም። ጌጤ ልጇን ተኝቶ ትታው መጥታ ነበርና መቆም መቀመጥ አቃታት፤ በሩ ላይ ሆና ውዴን ትጠብቃለች። ከታች በኩል ነጠላ የለበሰች ሴት ጎንበስ ብላ ስትመጣ አየች።

«ውዴ ያችው፣ መጣችልሽ!» ብላ ጮኸችና ወደ ቤቷ ሮጠች።

ውዴ አልነበረችም። ውዴ በዚያ ሰዓት ወንዙ ሞልቶባት ማዶ ቆማ ነበር። ያች ሴት፣ ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አናውቅም፣ በቤታችን ጥግ ታጥፋ ወደ ራሷ መንገድ ሄደች። እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን።

እናቴ በሩን ስታይ ቆየች። ማንም አልገባም። መደቡ ላይ ጋደም አለችና ትራሷን ልታመቻች እጇን ሰደደች። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። ካራው ጭኗ ላይ ነበር።

በረዶው አላሰማ ስላለ ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ ጮኽኩ። «አትፍሪ እማ! እኔ ነኝ ያመጣሁልሽ! አራስ ያለ ብረት አትተኛም!»

ዞራ አየችኝ። የምትመታኝ መሰለኝ። እጇ የካራውን እጀታ አጥብቆ ይዞ ነበር። አንዴ ካራውን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ በሩን ታያለች። ቁጣ ብጠብቅ ቁጣ የለም፤ ምርቃት ብጠብቅ ምርቃት የለም። ያን ፊቷን አላውቀውም ነበርና ፈራሁ።

«እማ?» አልኩ።

ያን ሰዓት ምን እንዳሰበች የነገረችኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። «ሐሳቡ መጣ» አለችኝ። «ከዚያ በፊት እንደዚያ በርትቶ መጥቶብኝ አያውቅም። ግን እንደሚመጣ ሕይወት ነግራኝ ነበር፤ ቆይቶ እንደሚሄድም ነግራኝ ነበር። እስኪሄድ ብቻዬን አልሁን እንጂ ሌላ ምንም ማድረግ የለብኝም። ጌጤ የለችም። ውዴ የለችም። ዘውዱ የለም። የቀረችኝ ያች ያፈርኩባት ጩኸት ናት።»

እናቴ ብድግ አለች። በሩን በርግዳ ከፈተችና ካራውን ከአጥሩ በላይ አሻግራ ወረወረችው። ድንጋይ እንኳ እንዲያ ስትወረውር አይቻት አላውቅም። በአንድ እጇ እኔን ጎተተችኝ፤ ጫማ ሳታደርግ በረዶው ላይ ወጣች፤ አውድማው መሐል ቆመች። ከዚያ ከፋሲካ ጀምሮ ጠፍቶ የነበረው ድምፅዋ ወጣ።

«ኧረ የሰው ያለህ! ድረሱልኝ! ብቻዬን ነኝ፣ ድረሱልኝ!»

ጉና መልሶ አስተጋባው። ጮኸች፣ ደግማ ጮኸች። ጅራፉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

በእኛ አገር «ድረሱልኝ» ሲባል ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ ይደርሳል። ሽማግሌው አያ ይሻው ዱላቸውን አንግበው ከሁሉ ቀደሙ። እሸቴና ጓደኞቹ ጅራፋቸውን እንደያዙ መጡ። አንዱ ዶማ፣ አንዱ አካፋ ይዟል። አንዲት ሴት ሊጥ እንደነካው እጇ ወንጭፍ አንሥታ መጥታለች። ጌጤ ልጇን አዝላ፣ በረዶ በጠጉሯ ላይ እየቀለጠ፣ «ውዴስ? ውዴ የታለች?» እያለች በጭቃው ተንሸራታ ወድቃ ተነሣች። ከወንዙ ማዶ የውዴ ጩኸት ይሰማል።

«የታል? በየት አመለጠ?» አሉ አያ ይሻው ዱላቸውን ከፍ አድርገው። «ሌባ ነው? ማን መጣብሽ?»

እናቴ ሌባ ነው ልትል ትችል ነበር። እባብ ነው፣ ጅብ ነው ብትል ሁሉም አምኗት፣ አጥሩን ፈትሾ ወደየቤቱ ይመለስ ነበር። ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል። እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችኝ።

«ማንም አልመጣብኝ፣ አያ» አለች። «ራሴን ነው የፈራሁት። ታምሜያለሁ። ብርድ አይደለም። በሰኔም ራሴን ላጠፋ ብዬ ጌጤ ናት ያተረፈችኝ። አሁንም መጣብኝ። ብቻዬን መሆን አልችልም።»

በረዶው ወደ ዝናብ ተለውጦ ነበር። አያ ይሻው ዱላቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ፊታቸው ቁጣ በቁጣ ሆነ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አሉ። «ይኸን ሁሉ ሰው ደጅሽ አስቀምጠሽ! እኛ ለጠፋ በግ እንጮሃለን። ለዚህ ካልተጮኸ ለምን ሊጮኽ ነው?»

ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ደረቡላት። እርሳቸው በዝናቡ በሸሚዝ ቀሩ። «ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» አሉ፣ አሁን ድምፃቸው ተሰብሮ። «ደግ አደረግሽ። ሁላችንም አለን።»

ጌጤ እናቴ አንገት ላይ ተጠምጥማ ካለቀሰች በኋላ ፊቷን ወደ ሰማይ ቀና አደረገች። «ተጣራች!» አለች። «ላቀች ተጣራች! እልልልል!» ለምን እልል እንደምትል መጀመሪያ ያልገባቸው ሴቶች ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ ተቀበለቻት፣ ሌላዋ ደገመች። ውዴም ነገሩን ሳታውቅ ከወንዙ ማዶ ሆና እልል አለች። ልጆቹ ጅራፋቸውን አነሡ። የዚያን ቀን የጮኸው ጅራፍ ከዓመቱ የቡሄ ጅራፍ ሁሉ የበለጠ ነው፤ እሸቴ እስከ ዛሬ ይህን ሲናገር ይንቀባረራል።

ከዚያ በኋላ ተራው የመንደሩ ሆነ። ሰው ከመብዛቱ የተነሣ እናቴ አንዳንዱን ታባርር ነበር። አባቴ ያን ቀን ሲመሽ ከደብረ ታቦር ተመልሶ የሆነውን ከመንገድ ሰምቶ ገባ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ እግሯን አጠባት። መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ሠራ። ኅዳር ላይ እናቴ ወደ ጌጤ ቤት ሄዳ የራሷን ማጭድ በራሷ እጅ ተቀብላ ገብሷን አጨደች፤ በሚቀጥለው ወንፈል ከሴቶቹ ሁሉ ፊት ፊት የምትሄደው እሷ ነበረች። በሽታው ከዓመታት በኋላ አንዴ ተመልሶባት ያውቃል። ገና ብቅ ሲል ነው ሰው የጠራችው። ዛሬ ሲስተር ሕይወት እንዲህ ያለ ሰው ወዳለበት ቤት ስትሄድ እናቴን ይዛት ትሄዳለች። እናቴ ገብታ ትቀመጥና ስሟን ሳይጠይቋት «እኔም ነበርኩበት» ትላቸዋለች።

ያን ቀን ግን እኔ አውድማው መሐል ቆሜ እልልታውን ስሰማ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት። እልልታውን አውቀዋለሁ። ጌጤ ስትወልድ የሰማሁት እሱው ነው። በመጨረሻ ሊነግሩን ነው! በሰዉ እግር መሐል ተሽሎክሉኬ የእናቴን ቀሚስ ጎተትኩ።

«እማ፣ ወንድ ነው ሴት?»

እናቴ ጎንበስ ብላ አየችኝ። ጠጉሯ ላይ በረዶ አለ፣ ከአገጯ ውኃ ይንጠባጠባል። ከዚያ ሳቀች። ድምፅዋን ለቃ፣ እንደ ድሮው፣ ከወንዝ ማዶ እስኪሰማ ሳቀች።

«ሴት ናት» አለችኝ።

«የታለች?»

«ይቺውና» አለች ደረቷን በመዳፏ እየመታች። «ይቺውና ቆማለች!»

ምንም አልገባኝም። ግን ደስ አለኝ፤ እኔም አቅሜ የቻለውን ያህል እልል አልኩ።